የሸራ ጀልባ ግምገማ እንዴት ይነበባል?

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የነዳ ሰው አናፖሊስ ይደርሳል። በዚህች የሜሪላንድ ከተማ ወደብ ላይ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሸራ ጀልባዎች ትርኢት ይካሄዳል፤ አዳዲስ ጀልባዎች ጎን ለጎን ታስረው ይጎበኛሉ፣ ሻጮች የተወደሱባቸውን የመጽሔት ገጾች እያባዙ ለጎብኚው ያድላሉ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ከምንኖር ሐበሾች መካከል የሸራ ፍቅር ያደረብን ጥቂቶች በዚያው በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ላይ ነው የተማርነው። የመጀመሪያ ጀልባውን ሊገዛ ያሰበ ወዳጅ ምክር ሲጠይቀኝ ብዙውን ጊዜ በእጁ አንድ የመጽሔት ግምገማ ይዞ ይመጣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ያንን ግምገማ እንዴት አድርጎ ማንበብ እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

የመጀመሪያዋ ጀልባዬ 30 ጫማ ርዝመት ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ነበረች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከመግዛቴ በፊት አዲስ በነበረችበት ዘመን የተጻፈላትን ግምገማ አፈላልጌ አንብቤያለሁ፤ ጸሐፊው የላይኛው ወለሏ ከእግር በታች ንቅንቅ እንደማይል አድንቆ ጽፎ ነበር። ከገዛኋት በኋላ በመጀመሪያው የክረምት ጥገና ወለሉን በላስቲክ መዶሻ ቀስ እያልኩ ቆረቆርኩት። ከፊት በኩል ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ ቆይቶ ወደ ምሰሶው ስጠጋ እንደ ታፈነ ከበሮ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። በዚያ አካባቢ ካሉት ብሎኖች አንዱን ፈትቼ ሳወጣው ከቀዳዳው የቡና አተላ የመሰለ ውሃ ፈሰሰ። በሁለቱ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል የተሞላው ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት ለዓመታት ውሃ ሲጠጣ ኖሮ በስብሷል። ጥገናው የጀልባዋን ዋጋ ግማሽ ያህል ወሰደብኝ።

ግምገማው አልዋሸኝም። ጸሐፊው በቆመባት ዕለት ወለሉ በእርግጥ ጠንካራ ነበር፤ ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች እንዴት እንደ ታሸጉ ግን አላየም፣ ወይም አይቶ አልጻፈም። ከዚያ ወዲህ ግምገማ ሳነብ ዓይኔን የምጥለው ባልተጻፈው ላይ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ዓይን ያወጣ ውሸት ብዙም አይገጥምም፤ ዝምታ ግን በየገጹ አለ።

በመጀመሪያ መጽሔቱ ከምን እንደሚኖር ይመልከቱ። አብዛኞቹ የሸራ ጀልባ መጽሔቶች ከአንባቢው ክፍያ ይልቅ በማስታወቂያ ገቢ ላይ የተደገፉ ናቸው። የዘርፉ ችግር ገበያው ጠባብ መሆኑ ነው፤ ማስታወቂያ የሚያስነግሩት ጀልባ ሠሪዎች፣ ሸራ ሰፊዎች፣ የሞተርና የቀለም አምራቾች ሲሆኑ የሚገመገሙትም እነዚሁ ናቸው። የሙከራዋን ጀልባ የሚያቀርበው ሠሪው ወይም ወኪሉ ነው፤ በዕለቱ የሻጩ ሰው ከጋዜጠኛው ጎን ተቀምጦ ሁሉን ያስረዳል፤ ሙከራው የሚፈጀው ጥቂት ሰዓት ነው፤ የጋዜጠኛውን የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል ሠሪው የሚከፍልበት ጊዜም አለ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ አዘጋጅ ማንም ሳያስፈራራው ብዕሩን ራሱ ያለዝባል፤ ያጎረሰን እጅ መንከስ ለማንም ይከብዳል። ስለዚህ የአንድ ዓመት እትሞችን ያሰባስቡ፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሔቶችን በስልክ ጭምር በነጻ ያስነብባሉ። ጀልባዋ የተገመገመችበትን እትም ከፍተው የሠሪው ማስታወቂያ ስንት ገጽ እንደ ያዘ ይቁጠሩ፤ ሽፋኑ ላይ የወጣችው ጀልባ የማን እንደ ሆነች ይዩ፤ ከዚያም በዓመቱ ውስጥ አንባቢውን «አይግዟት» ወደ ማለት የተጠጋ አንድ እንኳ ግምገማ መኖሩን ይፈልጉ። በአሥራ ሁለት ወር አንድም ደካማ ጀልባ ያላጋጠመው መጽሔት ሲያወድስ ውዳሴው ሚዛን አይደፋም።

ማስታወቂያ የማይቀበሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 የተመሠረተው የአሜሪካው ፕራክቲካል ሴይለር የሚኖረው በአንባቢዎቹ ክፍያ ነው፤ አካሄዱ ኮንስዩመር ሪፖርትስ ከ1936 ጀምሮ በቤት ዕቃና በመኪና ላይ ከሚከተለው ጋር ይመሳሰላል። የጀልባን ሆድ ከባሕር ዕፅዋትና ከዛጎል የሚከላከሉ ቀለሞችን ሲፈትሽ እያንዳንዱን ቀለም በሰሌዳ ላይ ቀብቶ ለወራት ባሕር ውስጥ ያቆየዋል፣ ከዚያም አውጥቶ ጎን ለጎን ያወዳድራል። ይህ ለቀለም የሚሠራ ዘዴ ለጀልባ አይሠራም፤ አዲስ ባለ 40 ጫማ ጀልባን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የሚፈትሽ መጽሔት ማግኘት ያስቸግራልና። ስለ አሮጌ ጀልባዎች ሲጻፍ ደግሞ የባለቤቶች አስተያየት ይሰበሰባል፤ ባለቤትም ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ነገር ማሞገስ እንደሚቀናው አይዘንጉ።

ማስታወቂያ መኖሩ ብቻውን ግን መጽሔቱን አያስኮንነውም። በ1906 የተመሠረተው የብሪታንያው ያችቲንግ መንዝሊ ማስታወቂያ ያትማል፤ ያም ሆኖ በ2011 ዣኖ ሰን ፊዝ የተባለች የቆየች ባለ 40 ጫማ ጀልባ ወስዶ በተከታታይ እትሞች ከመሬት ጋር አላትሟታል፣ ገልብጧታል፣ ምሰሶዋን ሰብሯል፣ ሆዷን ቀዶ ውሃ አስገብቶባታል፣ እሳት ለኩሶባታል፣ በመጨረሻም በውስጧ ጋዝ አጠራቅሞ አፈንድቷታል። አንባቢው የሚሆነውን ነገር በፎቶግራፍ ደረጃ በደረጃ አየ። ያ ሥራ እንዲህ ግልጽ ሊሆን የቻለው ጀልባዋን ለመሸጥ የሚጠባበቅ ማንም ስላልነበረ ይመስለኛል። ከዚህ የምወስደው ተግባራዊ ነጥብ አለ፦ በአንዱ መጽሔት ውስጥ እንኳ ስለ አደጋ፣ ስለ ጥገናና ስለ ባሕር ጥበብ የተጻፈውን ሰፊ እምነት ሰጥተው፣ ስለ አዲስ ጀልባ የተጻፈውን ደግሞ ጠበቅ አድርገው ያንብቡ።

አንድ መጽሔት ምን ያህል እንደሚታመን ለመለካት ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ዘዴ የሚከተለው ነው። ጀልባ ሠሪ አንድን ሞዴል በአዲስ ሲተካ የአዲሱ ግምገማ ብዙውን ጊዜ የቀድሞውን ጉድለት ይናገራል፤ መሪውን ከያዙበት ቦታ ወደ ፊት ማየት ያስቸግር እንደ ነበር፣ የመልህቁ ሰንሰለት ይጠላለፍ እንደ ነበር፣ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ውሃ ውስጥ ያለው የመሪው ሰሌዳ ውሃውን ይለቅ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ይህ ሁሉ እንደ ታረመ ይተርካል። እዚህ ላይ ንባብዎን ያቁሙ። ያው መጽሔት የቀድሞውን ሞዴል አዲስ በነበረበት ጊዜ የገመገመበትን እትም ፈልገው ያውጡና ያ ጉድለት በዚያን ጊዜ ተጽፎ እንደ ሆነ ያረጋግጡ። ተጽፎ ካገኙት ያ ጸሐፊ ሊከተሉት የሚገባ ሰው ነው፣ ስሙን ይያዙት። ካላገኙት ግን ጉድለቱ የተነገረው መሸጡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ዛሬ የተመሰገነችውም ጀልባ እውነተኛ ታሪኳ የሚወጣው ተተኪዋ ስትመጣ ይሆናል። እኔ ይህን በሁለት መጽሔቶች ላይ ሞክሬ አንዱን ማንበብ ትቻለሁ።

ቀጥሎ ሙከራው በምን ዓይነት አየር እንደ ተካሄደ ይፈልጉ። የነፋስ ፍጥነት የሚለካው በኖት ነው፤ አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚደረጉት በ10 እና በ15 ኖት መካከል ባለ ነፋስ፣ በወሽመጥ ውስጥ ባለ ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ነው፤ በዚያ ነፋስ ውስጥ የማትስማማ ጀልባ ማግኘት ያስቸግራል። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር አራት እጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ሲጨምር ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በ12 ኖት የተሞከረች ጀልባ በ36 ኖት ነፋስ ምን እንደምትሆን ያ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም፤ ጸሐፊው ግን በአንድ ከሰዓት ጉዞ ተመርቶ «ውቅያኖስ አቋራጭ» ሊላት ይችላል። የነፋሱና የማዕበሉ መጠን ጨርሶ ካልተጻፈ ስለ አነዳዷ የተባለውን ሁሉ ወደ ጎን ያድርጉት። ዋጋውንም አብረው ይመልከቱ፦ ለሙከራ የቀረበችው ጀልባ በተጨማሪ ክፍያ የሚገኝ ውድ ሸራና የሚታጠፍ የሞተር መቅዘፊያ ተገጥሞላት ሳለ በገጹ ላይ የሰፈረው ዋጋ የባዶዋ ጀልባ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሮቹን ራስዎ ያስሉ፤ ይህ በጣም የሚጠቅም ክፍል ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በፍጥነት ልጀምር። ውሃ ሰንጥቃ የምትሄድ ተራ የሸራ ጀልባ የፍጥነት ጣሪያዋ፣ ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ በጫማ ተለክቶ፣ ስኩዌር ሩቱ በ1.34 ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። ርዝመቱ 36 ጫማ ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 6፣ ጣሪያውም 8 ኖት ገደማ ነው። ግምገማው ይህችው ከባድ ጀልባ ነፋስን ፊት ለፊት እየተጋፋች 9 ኖት ሄደች የሚል ከሆነ በጂፒኤስ የተነበበው ቁጥር የውሃውን ፍሰት ጨምሮ ይሆናልና ወደ የት አቅጣጫ ይፈስ እንደ ነበር መጠየቅ ይገባል።

ከዚያ የሸራዋን ስፋት ከክብደቷ ጋር ያነጻጽሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ክብደቷን በፓውንድ ወስደው ለ64 ያካፍሉ፤ የውጤቱን ኪዩብ ሩት አውጥተው በራሱ ያባዙት፤ የሸራውን ስፋት በስኩዌር ጫማ ወስደው ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ። 14,000 ፓውንድ የምትመዝን፣ 650 ስኩዌር ጫማ ሸራ ያላት ጀልባ 17.9 ታገኛለች። በደምሳሳው ከ16 በታች የሆነች ዘገምተኛ፣ ከ20 በላይ የሆነች ደግሞ ወደ ውድድር ያደላች ናት ይባላል። የሻጩ ወረቀት ግን ከፊት የሚሰቀለውን ትልቁን ሸራ ቆጥሮ ስፋቱን 780 ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ያቺው ጀልባ 21.5 አግኝታ ባንድ ጊዜ ፈረስ ትሆናለች። ክብደቷም የተመዘነው ባዶዋን ነው። ውሃ፣ ነዳጅ፣ ምግብ፣ መልህቅና ሰንሰለት፣ የቤተሰቡ ልብስና ዕቃ ተደማምሮ 3,000 ፓውንድ ቢጨመርባት 17.9 የነበረው ወደ 15.7 ይወርዳል። እርስዎ የሚኖሩት በዚህች በተጫነችው ጀልባ ነው፤ መጽሔቱ የነዳው ባዶዋን ነበር። ሁለቱን ለይቶ የሚያሰላ ጸሐፊ ሲያገኙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዳገኙ ይቁጠሩት።

ስለ መገልበጥ የሚጠቀሰው ቁጥርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በነሐሴ 1979 በተካሄደው የፋስትኔት ውድድር 303 ጀልባዎች ተነሥተው ማዕበል መታቸው፣ 15 ተወዳዳሪዎችም ሞቱ። ከዚያ አደጋ በኋላ የጀልባዋ ወርድ በጫማ ተለክቶ፣ ለ64 የተካፈለው ክብደቷ ኪዩብ ሩት ሲያካፍለው ውጤቱ ከ2 በታች ከሆነ ለባሕር ትመቻለች የሚል ቀላል መለኪያ ወጣ። ከላይ ያየናት ጀልባ ወርዷ 12 ጫማ ቢሆን 1.99 አግኝታ ለጥቂት ታልፋለች። አሁን 3,000 ፓውንዱን ይጫኑባት፤ ቁጥሩ 1.87 ሆኖ «ይሻሻላል»። ቀመሩ ክብደቱ ከታች በኪሉ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ወደ ውሃ በሚወርደው ከባድ ክንፍ፣ ውስጥ ያለ እርሳስ ይሁን ላይኛው ወለል ላይ የታሰረ ዕቃ መለየት አይችልም። ግምገማው ይህን ቁጥር ብቻ ጠቅሶ ስለ ደኅንነቷ ካረጋገጠልዎት፣ ስንት ዲግሪ እስክታዘነብል ድረስ ራሷን ማቃናት እንደምትችል ሠሪውን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በአውሮፓ ሕግ ከ1998 ጀምሮ ለሽያጭ የሚቀርብ አዲስ የመዝናኛ ጀልባ ምድብ ሊሰጠው ግድ ነው። ከፍተኛው ምድብ «ኤ» ሲሆን በቦፎርት መለኪያ ከ8 ለሚያልፍ ነፋስና ከ4 ሜትር በላይ ለሆነ ማዕበል የተነደፈች ማለት ነው። ግምገማዎች ይህን ፊደል እንደ ምስክር ወረቀት ይጠቅሱታል። ፊደሉ የሚናገረው ስለ ንድፏ ነው፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ስለሚኖራት ጤንነት አይናገርም። በግንቦት 2014 ቺኪ ራፊኪ የተባለች ባለ 40 ጫማ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ ብሪታንያ ስትመለስ በአትላንቲክ መካከል ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች፤ አራቱም ሰዎች ጠፉ። የብሪታንያ የባሕር አደጋ መርማሪ ቢሮ በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት ከመሬት ጋር ባደረገቻቸው ግጭቶችና በተከታዮቹ ጥገናዎች ኪሏ የተያያዘበት ክፍል ተዳክሞ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ሞዴሏ በመርከበኞች ዘንድ የተወደደች ነበረች። አዲስ ጀልባን በአንድ ከሰዓት የሚሞክር ጋዜጠኛ እንዲህ ያለውን ነገር ሊያይ አይችልም፤ ነገር ግን ኪሉ እንዴት እንደ ተያያዘ፣ ብሎኖቹን ከፍቶ ማየት ይቻል እንደ ሆነ ሊጽፍ ይችላል፣ ሊጽፍም ይገባል።

ቃላቱንም በጥርጣሬ ያንብቡ። ውስጧ ሰፊና ብርሃናማ ነው ሲባል፣ ጀልባዋ 25 ዲግሪ ስታዘነብል ምን ይዘው እንደሚራመዱ ይጠይቁ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚያስሮጥ ክፍል ባሕር ላይ አጥንት ይሰብራል። በሦስት በኩል የሚዞሩት ትልቅ አልጋ ወደብ ላይ ያምራል፣ በጉዞ ላይ ግን ተንከባልለው ይወድቁበታል። ከሥሯ ውሃ ውስጥ ሁለት የመሪ ሰሌዳ አላት ተብሎ ከተመሰገነች፣ ሞተሩ የሚገፋው ውሃ ሁለቱንም ሳይነካ በመካከላቸው ስለሚያልፍ በጠባብ ማቆሚያ ውስጥ መዞር እንደሚያስቸግር የጻፈ መኖሩን ይዩ። ፎቶግራፎቹ ሁሉ ከሠሪው የመጡ ከሆኑና የሞተር ክፍሉ በአንዳቸውም ካልታየ፣ የሞተር ክፍሉን መጀመሪያ ራስዎ ያስከፍቱ።

የዓመቱ ምርጥ ጀልባ የሚሉትን ሽልማቶች በተመለከተ የሚጠየቀው አጭር ነው፦ በዚያ ዘርፍ ስንት ጀልባ ተወዳደረ? ለሁለት ተወዳዳሪ የተሰጠ ዋንጫ ትርጉሙ ትንሽ ነው። ሆኖም በርካታ ጀልባዎችን በተከታታይ ቀናት፣ በአንድ ውሃ ላይ፣ በአንድ ቡድን የሚያስፈትሽ ውድድር ከነጠላ ሙከራ ይሻላል፤ ዳኞቹ ስለ ተሸናፊዎቹ የጻፉትንም ፈልገው ያንብቡ። ዩቲዩብ ላይ ለሚያዩት ግምገማ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ አቅራቢው ገንዘብ ወይም ዕቃ ተቀብሎ ከሆነ በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህን ቃል ከቪዲዮው ሥር በተጣጠፈው ጽሑፍ ውስጥ ተደብቆ ያገኙታል።

ይህን ሁሉ አንብበው ሲያበቁ ለገለልተኛ መርማሪ ባለሙያ ይክፈሉ። በአሜሪካ ሳምስ እና ናምስ የሚባሉት ሁለት የጀልባ መርማሪዎች ማኅበራት የአባሎቻቸውን ዝርዝር ያወጣሉ፤ ደላላው የሚጠቁምዎትን ሰው ትተው ከዚያ ራስዎ ይምረጡ። ከዚያ በፊት ግን ያቺኑ ሞዴል የያዙ ሁለት ሦስት ባለቤቶችን በማሪናው ፈልገው ያነጋግሩ። «ወደዷት ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «መጀመሪያ የቀየሩት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛዋን ጀልባዬን ስፈልግ ይህን ጥያቄ ለአንድ አዛውንት አቅርቤላቸው ነበር። ምንም ሳይመልሱ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ደረጃውን አንሥተው የሞተሩን ክፍል በባትሪ አበሩልኝ። የነዳጅ ጋኑ ከሞተሩ ኋላ ተሸጉጦ ይታያል፤ ዝጎ ማፍሰስ ሲጀምር ለማውጣት ሞተሩን በሙሉ በክሬን ማንሣት ነበረባቸው። ስለዚያች ጀልባ ሦስት ግምገማዎች አንብቤ ነበር፤ ሦስቱም ስለ ጋኑ የጻፉት ስንት ጋሎን እንደሚይዝ ብቻ ነው።